ጠጉሬን የጨረሰው ስብከት

ዘርዓይ ጠጉር አስተካካይ ነበር፤ እሱን ብትጠይቁት ግን ሰባኪ ነኝ ይላል፣ መቀሱ ለእንጀራ ነው። አስመራ፣ ዓኽርያ በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ ሽማግሌ ጣሊያን ጠጉር አስተካካይ የተረከባት አንዲት ዙሪያዋን የምትዞር ወንበር ነበረችው፤ እሷ ላይ የተቀመጠ ሰው ወንጌል ሳይሰማ አይነሳም። ብልሃቱ ቀላል ነው። መጀመሪያ ግማሹን ራስ ይቆርጣል፣ ከዚያ መጽሐፍ ቅዱሱን ይጀምራል። ግማሽ ራሱን ተቆርጦ ወደ አደባባይ የሚወጣ ማን ነው?

እኔ ክፍሉ እባላለሁ፤ ፌዴሬሽኑ ከፈረሰ በኋላ ለመንግሥት ሥራ ከደብረ ብርሃን ወደ አስመራ የተዛወርኩ ጸሐፊ ነኝ። ዘርዓይ አስመራ ላይ ከኒሻ ከሚሏቸው ፕሮቴስታንቶች ወገን ነው፤ እኔ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ የማልፈታ የተዋሕዶ ልጅ። በመጀመሪያው ቀን ሁለተኛ እዚህ ቤት ብደርስ ብዬ ፎክሬ ወጣሁ። ግን እጁ ወርቅ ነው። ባለቤቴ ይመኙሻልም ከእሱ ዘንድ ስመለስ ሙሽራ መሰልክ ትለኛለች። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከምኖርበት ከእዳጋ ሓሙስ ሰፈር እየተነጫነጭኩ እሄዳለሁ፣ እየሳቅኩ እመለሳለሁ። ዮናስን ዓሣው ሆድ ውስጥ በሚያስገባበት ጊዜ እኔን እስከ አገጬ ድረስ በፎጣ ይጠቀልለኛል፤ ዮናስ እስኪተፋ መተንፈስ የለም።

ሰውየው አንድ ምኞት ብቻ ነበረው፤ በቤተ ክርስቲያናቸው መድረክ ላይ ቆሞ መስበክ። ሽማግሌዎቹ ለዓመታት ሲያንገራግሩ ቆይተው፣ ከመካከላቸው አቦይ አስገዶም፣ መላጣው፣ ተሟገቱለትና አንድ እሑድ ተሰጠው። ካልሆነለት ግን ሁለተኛ እንዳይጠይቅ ተነገረው። በዚያ ሳምንት በደስታ ብዛት ጆሮዬን ሊወስዳት ምንም አልቀረው። ሚስቱ ለተሰንበት ሰፈሩን ሁሉ ጠራች፤ እኔንም ጨምራ። ለይመኙሻል ሳልነግር፣ ለነፍስ አባቴማ ጭራሹን ሳልነግር፣ ከቅዳሴ መልስ ሹልክ ብዬ ሄድኩ።

ዘርዓይ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ወደ መድረኩ ወጣ። መጽሐፉን ከፈተ፣ አፉንም ከፈተ። ምንም አልወጣም። አቦይ አስገዶም ጊዜ ሊሰጡት መዝሙር አስነሱ፤ ተዘምሮ አለቀ፣ አሁንም ምንም። ሌላ አስነሱ። ለተሰንበት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። በሦስተኛው መዝሙር ላይ ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው መተያየት ጀመሩ፤ የሰውየው ነገር እዚያው ሊያከትም እንደሆነ እኔ እንግዳውም ገባኝ። ለካ እወደው ኖሯል።

ያን ጊዜ ቀኝ እጁን አየሁት። ሁለት ጣቶቹ አየሩን ይቆርጡ ነበር። ይህ ሰው ያለ መቀስ ተናግሮ አያውቅም።

ምን እንደነካኝ እንጃ፤ ተነሣሁና አንድ ወንበር ጎትቼ ከመድረኩ ሥር አደረግኩት። ፊቴን ወደ ሕዝቡ አዙሬ ተቀመጥኩ፣ መሐረቤንም አንገቴ ላይ አሰርኩ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ የደብረ ብርሃኑ ክፍሉ በከኒሻዎች ቤት ሊስተካከል ነው። ዘርዓይ ወረደ። መቀሱ ከኮቱ ኪስ ተለይታው አታውቅምና አወጣት፤ ገና አንድ ጊዜ እንደቆረጠች ምላሱ ተፈታ።

እንደ ልማዱ "ሓወይ ክፍሉ"፣ ወንድሜ ማለቱ ነው፣ ብሎ በአማርኛ ጀመረ፣ ወደ ትግርኛው ገባ፣ ከዚያ ሁለቱን አብሮ አስኬዳቸው። የራሳችን ጠጉር ሁሉ እንደተቆጠረ ጌታ የተናገረውን አነሣ። እሱ ራሱ፣ አስተካካዩ፣ ግን የሹሙንም የኩሊውንም ጠጉር በአንድ መጥረጊያ ጠርጎ እንደሚጥል፣ የትኛው የማን እንደሆነ ጠይቆ እንደማያውቅ ነገረን።

"እኔ የምጥለውን እሱ ይቆጥረዋል" አለ። "ከሀገሩ የራቀውንም፣ ማንም ስሙን የማይጠራውንም ሰው እንደዚሁ። ሓቂ እነግራችኋለሁ፣ ከእሱ አንዲትም አትጎድልም።"

በዚያች ከተማ ከደመወዝ ቀን በቀር ማን ይቆጥረኛል እያልኩ ነበር የምኖረው። ሕዝቡ ይስቃል፣ ያለቅሳል፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ፤ ዘርዓይም በደስታ ሰክሮ መቀሱን ማቆም አቃተው። በእሱ ቤት ስብከት የሚያልቀው ጠጉር ሲያልቅ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ስብከቱ ገና ነበር። የፊቱ ጠጉሬ ሄደ፣ የጎንና ጎኑ ሄደ፣ ማጅራቴም ተከተለ።

አቦይ አስገዶም መላጣቸውን እየዳሰሱ ከፊት፣ ልጃቸውን እንደሚጠሩ ሆነው፣ ተናገሩ። "ወደይ ዘርዓይ፣ የእኔን ጌታ ቆጥሮ ጨርሷል፤ ለዚህ እንግዳ ግን ጥቂት ተውለት።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዘርዓይም "አሜን" አለ፤ የእኔ ራስ ግን ክርስትና የሚነሣ ሕፃን ራስ ሆኖ ነበር። ሽማግሌዎቹ የሚመጣውም ወር የእሱ ነው ብለው እዚያው ወሰኑ፤ ራሱን የሚሰጥ ሰው ከተገኘ።

እየዘለልኩ ነው ቤቴ የደረስኩት፣ በዚህ ዕድሜዬ። በእኛ ሀገር ራሱን የተላጨ ሰው ሐዘንተኛ መሆኑን የረሳሁት ይመኙሻል በሩ ላይ ስታየኝ ነው። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረቷን ያዘች፤ ጎረቤቶቻችንም እሷን አይተው ወጡ።

"ማን ሞተብን?" አለችኝ።

ሳቄ አመለጠኝ፣ እንባዬም ተከተለው። እጇን ይዤ መላጣዬ ላይ አኖርኩት።

"ማንም አልሞተም፣ ይሙዬ። አንድም አልጎደለም።"