የእናቴ ማጅራት

ዛሬም የቀለምና የማቅጠኛው የአኳራጅ ሽታ ሲመጣብኝ እጄ ሳላዝዘው ነጠላዬን ወደ አንገቴ ይስባል።

ያኔ ቆቦ ላይ፣ አውራ ጎዳናው ዳር አዲስ የሴቶች ፀጉር ቤት ተከፍቶ ነበር። ሰዓሊው የውጭ ግድግዳው ላይ ጀርባዋን ሰጥታ የተቀመጠች ሴት ሳለ። ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራቷል፤ በአንድ እጇ ፀጉሯን ወደ ላይ ሰብስባለች። የከሰዓት ፀሐይ ሲያርፍባት ላብ ችፍ ያለባት ትመስላለች። ማጅራቷ ላይ ሦስት ረድፍ ንቅሳት አለ፤ ሦስተኛው ረድፍ ግማሽ ላይ ይቀራል።

እናቴ ነበረች። ልጅ ሳለች መርፌው ሲያማት ከነቃሿ እጅ አምልጣ መሮጧን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አባቴ ከሞተ ወዲህ ግን ያን ጥቁር ነጠላዋን አንገቷ ላይ ሳትጠመጥም ከቤት ወጥታ አታውቅም።

የባጃጅ ልጆች ስዕሉ ሥር ቆመው ነበር።

"ይኼ በዓይን ብቻ የተሳለ አይመስለኝም።"

"ዝም በል፣ ልጇ መጣች።"

ዝም ማለታቸው ባሰብኝ። ግጥም እጽፋለሁ፣ ሌላው የማያየውን አያለሁ እያልኩ የምመካው እኔ ያን ቀን ያየሁት እነሱ ያዩትን ብቻ ነበር፦ ሲስላት ከኋላዋ የቆመውን ወንድ።

ታላቅ ወንድሜ ምሳውን ሳይነካ እናቴን ስለ ስዕሉ ጠየቃት። ማሽላ እየለቀመች ነበር።

"ፀጉሬን ልታጠብ በገባሁበት ሰዓሊው ልሳልሽ ብሎ ለመነኝ። ፊቴን አትሳል አልኩት፤ እሺ አለ።"

"ፊትሽማ ምን ያደርጋል፣ እማዬ። ንቅሳትሽስ?"

እጇ ወደ ማጅራቷ ሄደ። "እሱ ይታያል እንዴ?" አለች በቀስታ።

ፊቷን ስትደብቅ ሁሉንም የደበቀች መስሏት ነበር። የገዛ ማጅራቷን አይታው አታውቅማ።

በማግስቱ ወንድሜ ሰዓሊውን ወደ ግድግዳው ይዞት ሄደ። የሴትዮዋ አንገት ላይ ነጭ ነጠላ ተቀባ። በገበያው ቀን እናቴን ከነዘንቢሏ ስዕሉ ፊት ቆማ አገኘኋት።

"ሸፈናችሁት?" አለችኝ። "እኔኮ አንዴ ልየው ብዬ ነው የመጣሁ።"

አይኗን ማየት አቃተኝ። ዘንቢሉን ተቀበልኳት።

ፀጉር ቤቱ ፈርሷል። አሁን ፀጉሯን የማጥብላት እኔ ነኝ። ውሃው በማጅራቷ ሲወርድ ንቅሳቱን በጣቴ እከተልላታለሁ።

"ሦስተኛው እዚህ ጋ ያልቃል" እላታለሁ።

"ግድ የለም፣ ሂጂ" ትለኛለች አጎንብሳ። "እስከ ጆሮዬ ድረስ ሂጂ።"