የአባቴ ክንድ የተለካበት ዕለት

አርባ ምንጭ ነርስ ሆኜ ስሠራ ነው። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። አንድ የልብ ሐኪም ከአዲስ አበባ አልትራሳውንድ ይዞ መጣና የሰዎችን የክንድ ደም ሥር መለካት ጀመረ። ደም በብዛት ሲፈስበት ጤነኛ ደም ሥር ሰፋ ይላል፤ የተጎዳው እንደ ነበረ ይቀራል። እሱ ማየት የፈለገው ይህንኑ ነው። ከጨንቻና ከገረሴ የወረዱ ሸማኔዎችንና ገበሬዎችን ለካ። ከከተማው ደግሞ ጡረተኞች ሲፈልግ፣ "የኔ አባት አለ" አልኩት። ኩራትም ተሰምቶኝ ነበር።

አባቴ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ጡረታ ሲወጣ፣ እናቴ የተቀበረችው እዚሁ ስለሆነ አገሬ አልመለስም ብሎ ከከተማው ላይኛው ሰፈር፣ ሴቻ፣ ብቻውን ቀረ። በዚያ ሙቀት ኮቱን አያወልቅም። እሑድ እሑድ ከኩልፎ ወንዝ ዳር አትክልተኞች ሙዝ ገዝቶ ለልጆቼ ያመጣል። "አባዬ፣ የጎደለህ ነገር አለ?" ስለው፣ "ምን ይጎድለኛል ልጄ" ይለኛል። እኔም ማመኑ ይቀለኝ ነበር።

በቀጠሮው ቀን ቁርስ ሳይበላ፣ ጢሙን ተላጭቶ መጣ። "ለሳይንስ ከሆነማ እኔም ልጥቀም" ብሎ ሐኪሙን ጨበጠው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬም ክፍሉ ውስጥ ነበረች።

"አባባ፣ ኮትዎን ያውልቁና እዚህ ጋደም ይበሉ" አለው ሐኪሙ።

የአባቴ እጅ አዝራሩ ላይ ቀረ። "እንደለበስኩ አይሆንም?"

"ክንድዎ ባዶ መሆን አለበት።"

"እንግዲያው ሌላ ቀን ልምጣ።"

በሐኪሙ ፊት እንዲህ ግትር ማለቱ አሳፈረኝ። "አባዬ፣ ሰው አታስጠብቅ እንጂ!" አልኩና ከኋላው ዞሬ ኮቱን ከትከሻው ጎትቼ አወለቅኩት።

የሸሚዙ የእጅጌ ጫፎች ከኮቱ ጋር አብረው ወጡ። ለካ ከኮቱ እጅጌ ጋር በመርፌ ተሰፍተው ነበር። አባቴ ላይ የቀረው የሸሚዙ ኮሌታና ደረት ብቻ ነው። ጀርባው ተቀድዶ አልቋል፤ እጅጌ የሚባል የለም። ስፌቱ የወንድ እጅ ስፌት እንደሆነ ያስታውቃል። ባልደረባዬ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

መጀመሪያ የተሰማኝን ልናገር። ምነው የሌላ ሰው አባት በሆነ፣ አልኩ በሆዴ። ያዘንኩለት ከዚያ በኋላ ነው።

አባቴ ተጋደመና ክንዱን ዘረጋ። ሐኪሙ ምንም እንዳላየ ሆኖ ጄል ቀባው፤ የደም ሥሩን በመሣሪያው ፈልጎ ስፋቱን ለካ። ከክርኑ በታች የግፊት መለኪያውን ጨርቅ ጠቅልሎ አጥብቆ ነፋው። ለአምስት ደቂቃ ወደ እጁ ደም አያልፍም። የአባቴ ጣቶች ገረጡ። ኮቱን አቅፌ ቆሜያለሁ፤ የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ።

"ያምዎታል አባባ?"

"ይሄ አያምም" አለ፣ ጣሪያውን እያየ።

ሐኪሙ አየሩን ሲለቀው ደሙ በኃይል ተመለሰ፤ የአባቴ መዳፍ ቀላ። በስክሪኑ ላይ በሁለት ነጫጭ መስመሮች መሃል ያለውን ጥቁር መንገድ፣ ደም ሥሩን፣ እንደገና ለካው። "ብዙም አልሰፋም" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። ቀጥሎ የደም ግፊቱን ሲለካው ከፍ ብሎ አገኘውና መድኃኒት አዘዘለት። "አንድ ልኬት ሁሉን ነገር አይናገርም፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቢደገም ደስ ይለኛል" አለው።

ወደ ቤቱ ሸኘሁት። ይቅርታ ለማለት አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

"ክንዴን እንደሚያዩ አስቀድመሽ ብትነግሪኝ፣ እዘጋጅ ነበር" አለ። አልተቆጣም። ተቆጥቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ሲቀላ ገበያ ወርጄ ፖፕሊን ጨርቅ ገዛሁ፤ ልብስ ሰፊው ሁለት ሸሚዝ አደረሰልኝ። ስወስድለት ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለኝ። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለ፣ ለእንግዳ እንደሚባለው። መድኃኒቱንም በሥርዓት ይወስድ ጀመር። እሑድ ይመጣል፤ ልጆቼን ያጫውታል፤ እኔን ግን ለረጅም ጊዜ ቀና ብሎ አያየኝም ነበር። እኔም አላየውም።

ሁለተኛው ልኬት ሲደርስ ልጠራው ፈርቼ ቀኑን ሳራዝም፣ አንድ ጠዋት ያች ባልደረባዬ፣ "አባትሽ ትናንት መጥተው ተለኩ እኮ" አለችኝ። ትናንት የዕረፍት ቀኔ ነበር።

"ብቻውን?"

"ብቻቸውን። ከዶክተሩ ጋር ሲስቁ ነበር። ደም ሥራቸውም ከፊተኛው ትንሽ ተሻሽሏል።"

"ስለኔ ጠየቀ?"

የመድኃኒቱን ትሪ ማስተካከል ጀመረች። በኋላ ግን ስወተውታት ነገረችኝ። ገና ከበሩ ሳይገባ፣ "ልጄ ዛሬ የለችም አይደል?" ብሎ አረጋግጦ ነው የተጋደመው።