«በሽምግልና አልቋል» ያልኩባት ልጅ

ጌታ ይመስገን! ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ዛሬ ሳልመሰክር ብወጣ ሆዴ አይችለውም። ድምፄ ጉልበታም መሆኑን ታውቃላችሁ፤ አብዮት ጥበቃ በደጅ ስለሚያልፍ ዝቅ አድርጌ እናገራለሁ። እናንተም አሜን ስትሉ ቀስ በሉልኝ።

ቢቸና ሳለሁ የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበር ነበርኩ። ስብሰባ ላይ እኔ ከተነሣሁ ወንዱ ሁሉ ጸጥ ነው። ጴንጤ የሚባል ሰውማ ስሙን መስማት አልወድም ነበር። አንድ ቀን የሻረግ የምትባል የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ቢሮ መጣች። እናት አባቷ ሞተዋል፤ ያሳደጓት አጎቷ ናቸው። «እትዬ፣ ሊድሩኝ ነው፤ እኔ መማር ነው የምፈልገው፤ አስጥሉኝ» አለች። ጉዳይዋ ፍርድ ሸንጎ ቀርቦ የሚቆምላት ሰው ሲጠየቅ፣ ማንም ሳያስገድደኝ እጄን አወጣሁ። «እኔ እያለሁ ማን አባቱ ነው የሚድርሽ!» አልኳት። ቤቴ አስቀመጥኳት፤ ደብተር ገዛሁላት፤ ትምህርቷን አስጠናኋት። እንደ ልጄ ሆነች።

የሸንጎው ቀጠሮ ዋዜማ አጎቷ የላኳቸው ሦስት ሽማግሌዎች ከደጄ ቆሙ። ወገኖቼ፣ እኔ የጠላ ሻጭ ልጅ ነኝ፤ ሽማግሌ ደጄን ረግጦ አያውቅም። ሰፈሩ ሁሉ እያየ «አንቺ የአገር እናት፣ አታሳፍሪን፤ ክሱን ተዪልን» አሉኝ። «አማቶቿ ቤት እንደ ልጅ ታድጋለች፣ ትማራለች፤ ቃላችን ነው» አሉ። ልቤ አበጠ! ስለ ልጅቷ አላሰብኩም፤ ሽማግሌ ለመናት ተብሎ እንዲወራልኝ ነው ያሰብኩት። እሺ አልኩ።

በማግስቱ ዳኛው «ለልጅቷ የሚናገርላት ማነው?» ሲሉ ተነሣሁና «በሽምግልና አልቋል» አልኩ። ይኸው ነው። የሻረግ እጄን ይዛ ነበር፤ ለቀቀችኝ።

እዚህ ሞጣ ተዳረች። ሁለት ዓመት ዞር ብዬ አላየኋትም። በኋላ ለስብሰባ ስመጣ ወደ አማቶቿ ቤት ጎራ አልኩ። እንስራ አዝላ ከወንዝ ስትመለስ አገኘኋት። «ትምህርትስ?» ብላት፣ አማቷ ሳቁና «የምን ትምህርት?» አሉኝ። የሻረግ ቀና ብላም አላየችኝ።

ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ አለኝ። እዚሁ ቤቷ ያረፍኩባት ነርስ፣ ይህቺ ከፊት የተቀመጠችው እህታችን፣ መረመረችኝ። «ሆድሽ ደኅና ነው፤ የታመመው ሌላ ነው» አለችኝ። ሁሉንም አፍረጥርጬ ነገርኳት። እሷም በአብ ፊት ስለሚቆምልን ጠበቃ፣ ስለ ኢየሱስ ነገረችኝ። ጠበቃ! እኔም ጠበቃ ነበርኩ እኮ! ወለሉ ላይ ተደፋሁ። እሱ ግን የፈለገው ሽማግሌ ቢለምነው አሳልፎ አይሰጠኝም። ክብር ለስሙ ይሁን! ማረኝ፤ እህልም ወረደልኝ።

ግን ወገኖቼ፣ የእኔ ማረፍ እሷን አላሳረፋትም። ባለፈው ቅዳሜ ሄጄ እግሯ ላይ ወደቅሁ። «ይነሡ እትዬ፣ እግዜር ይቅር ይበልዎ» አለችኝ። ከዚያ «ያን ዓመት እኮ አንደኛ ወጥቼ ነበር» አለች። 

በደሉ የከበደው ካለ፣ እኔን የማረ ጌታ እሱንም አይጥለውም፤ ዛሬውኑ ይምጣ። ስለ ምሕረቱ ስሙ ይባረክ! አሁን ስትንበረከኩ ግን ለእኔ አታልቅሱ። ስለ የሻረግ ጸልዩ። በሚመጣው ወር ትወልዳለች፤ ገና አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው።