ከማይክሮፎኑ የራቀው ድምፅ

ሥራ የጀመርሁ ዕለት አለቃዬ አቶ ደሳለኝ አንድ የጽሕፈት መኪና፣ አንድ ቴፕ፣ አንድ የጆሮ ማዳመጫና ስድስት ካሴት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና «የሰማሽውን ጻፊ፤ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ» አሉኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ጎንደር ከተማ ውስጥ በአንድ የባህል መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ መቀጠሬ ነው። ሥራችን ከገጠር የተቀዳ የጦርነት ግጥም ከካሴት ወደ ወረቀት መገልበጥ ነበር።

የመጀመሪያው ፎካሪ «ዘራፍ!» ሲል ደንግጬ ማዳመጫውን ከጆሮዬ አወለቅሁት። ከዚያ ትእዛዙን አክብሬ ሁሉንም ጻፍሁ። አቶ ደሳለኝ አንብበው «ይኼ ‹እህ እህ› የሚለው ስንኝ ከየት መጣ?» አሉ።

«ሲስሉ ነው።»

ከት ብለው ሳቁ። ሳል እንደማይጻፍ በዚያ ተማርሁ።

የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ግጥሙ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ለገጣሚው ይነበብለት የሚል ነው። አያ ታከለ የሚባሉ ስመ ጥር ፎካሪ ለዚሁ ከአገራቸው ከኮሶዬ መጡ። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅም አብረው ነበሩ፤ የገብስ ቆሎ ይዘውልን መጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉት።

አያ ታከለ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው ተቀመጡ። ማንበብ ጀመርሁ።

ጥይት ሲዘንብበት ከግራም ከቀኝም፣
ታከለ ግንባር እንጂ ከጓሮ አይገኝም።

«እሰይ!» አሉ በራሳቸው ግጥም። ቀጠልሁ።

የጣልከው ሰው እናት ደጅ ደጁን እያየች፣
የልጇን ራት ከድና ዛሬም ቁጭ ብላለች።

አያ ታከለ ዱላቸውን ወለሉ ላይ መቱ። «ይኼን ማን አለው?»

«ካሴቱ ላይ አለ፣ አያ።»

«ምነው ልጄ! ታከለ ለጠላቱ አለቀሰ ልታስብዪኝ ነው? በየት አገር ልኖር?»

ጥፋቱ የኔ ነበር። ካሴቱ ላይ ድምፁ ድንገት ቀጥኖና ርቆ ሲሰማ ፎካሪው ደክሟቸው ነው ብዬ በስማቸው ጽፌዋለሁ።

እትዬ ጥሩወርቅ ቆሏቸውን እየቆረጠሙ «እኔ ነኝ ያልሁት» አሉ። «አንተ ስትፎክር እኔ ከጓዳ እመልሳለሁ። ሁልጊዜ ነው።»

«ሁልጊዜ? ምነው ታዲያ ሳልሰማሽ?»

«እየጮህህ እንዴት ብለህ ትሰማለህ? ማሽኑ ግን ሰማኝ።»

አቶ ደሳለኝ ቀይ እስክሪብቷቸውን አወጡ። «መጽሐፉ የፉከራ ነው፤ ሙሾ አይገባበትም። የእትዬ ይሰረዝ።»

«እንግዲያስ የሱም ይሰረዝ» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «ወንድሜ እሱ በዘመተበት ዘመቻ ሄዶ ቀርቷል። እናቴ ራቱን ከድና ስትጠብቅ ያየሁ እኔ ነኝ። እሱ የጣለውን ሲቆጥር፣ ያልተመለሰውን ማን ይቁጠር?»

ቀዩ እስክሪብቶ አየር ላይ ቀረ። አያ ታከለ ወደኔ ዞረው «እስቲ አሰሚኝ» አሉ።

ማዳመጫው በጥምጥማቸው ላይ አልገባ ብሎ አንዱን ጆሮ በእጃቸው ደግፈው ያዙት። የራሳቸው ድምፅ ሲመጣ ፈገግ አሉ። ቀጥሎ ፈገግታው ጠፋ።

«መልሺልኝ» አሉ። መለስሁላቸው። ሁለት ጊዜ ሰሙና ማዳመጫውን አወረዱ።

«ሸጋ ድምፅ አለሽ» አሏቸው ለባለቤታቸው።

«ዛሬ ገና?»

አያ ታከለ ወደ አቶ ደሳለኝ ዞሩ። «የኔ የሚታተም ከሆነ የሷም ከሥሩ ይታተም። በስሟ ግን! በኔ ስም ብታትሙት ኮሶዬ አልገባም።»

አቶ ደሳለኝ እስክሪብቷቸውን ከደኑና «እንደገና ታይፕ አድርጊው» አሉኝ። አንድ ፍሬ ቆሎ የጽሕፈት መኪናው ውስጥ ገብቶ «ጥ» የምትባለውን ፊደል ስለያዘብኝ ገጹ ረፋዱን ሙሉ ወሰደ። የእትዬ ጥሩወርቅን ስም በትክክል ሳልጽፍ አልተነሣሁም።

መጽሐፉ ሲወጣ አያ ታከለ አምስት ቅጂ ወሰዱ። ማንበብ አይችሉም፤ የሚያነብላቸው ሰው ሲገኝ «እሷ ያለችው ጋ ስትደርስ ቀስ በል» ይሉ እንደነበር ሰማሁ።

ዛሬ ጡረታ ላይ ነኝ። እናንተ የዛሬ ልጆች ግጥሙን በስልክ ትቀዳላችሁ፤ ሥራው ግን ያው ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ እያንዳንዱን ካሴት ሁለት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ አንዴ የቀረበውን ድምፅ፣ አንዴ የራቀውን። የቀረበውን ብቻ የጻፈ ሥራውን አልጨረሰም።