ማኅተም ያለበት ግብዣ

ኮምቦልቻ ላይ፣ ከአንድ የመኪና መለዋወጫ መደብር በላይ የነበሩት ሁለት ክፍሎች የእኔ ቢሮ ነበሩ። በሩ ላይ «የጸጥታ ዘርፍ ማሻሻያ ፕሮግራም፣ የመስክ ጽሕፈት ቤት» የሚል ወረቀት ለጥፈናል። አንድ ዓለም አቀፍ ተልእኮ በየአገሩ የሚያካሂደው ሥራ ነው፤ የደቡብ ወሎው ኃላፊ ደግሞ እኔ፣ የደሴ ልጅ። አክስቴ ምን እንደምሠራ ስትጠይቀኝ «ፖሊስንና ሕዝብን ማቀራረብ» አልኳት። «ምነው፣ ተራርቀዋል እንዴ?» ብላ ሳቋን ለቀቀችው።

ከዚያ በፊት በሌላ አገር፣ በዚያው ተልእኮ ውስጥ፣ ሰው የሠራውን ሪፖርት ሳደርግ ነው የኖርኩት። አሁን የራሴ ሥራ ሲሰጠኝ ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ። ጠዋት ጠዋት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ አፌ አያርፍም። ሾፌራችን «እህቴ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ልጨርስና እሰማሻለሁ» ይለኝ ነበር። ሐረጎን ሲጨርስም አይሰማኝም።

የሥራው ስም ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ደሴ ውስጥ አንድ ፖሊስ ጣቢያ ለሙከራ ያዝን። አቤት ለማለት የመጣን ሰው ቁጭ አድርጎ ማስተናገድ፣ የተያዘን ሰው በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ማቅረብ፣ ቃል ሲቀበሉ አለመጮህ፤ እንዲህ እንዲህ ያለውን ስናሠለጥን ሁለት ዓመት ሊሞላን ሆነ። በመጨረሻ አንድ ቀን በሩን ወለል አድርገን ልንከፍት፣ ሕዝቡ ማረፊያ ክፍሉን ሳይቀር እያየ የፈለገውን እንዲጠይቅ ወሰንን። የተልእኮው ዋና ኃላፊ፣ አንዲት ቆፍጣና ፈረንጅ፣ ያን ቀን ልታይ ትመጣለች። ሰው በገዛ ፈቃዱ ገብቶ ከተናገረ ሥራው ወደ ሌሎች ጣቢያዎች ይቀጥላል፤ ካልሆነ ቢሮውን ዘግተን ቁልፉን እናስረክባለን።

ይህን ሁሉም ያውቃል። ማንም የማያውቀው የራሴ መለኪያ ግን አባቴ ነበር። አባቴ ደሴ ፒያሳ ልብስ ሰፊ ነው። በደርግ ጊዜ ቤቱ ውስጥ ጸሎት ያካሂዳል ተብሎ እዚሁ ጣቢያ ወራት ታስሯል። ከተፈታ ጀምሮ በዚያ በር ፊት አያልፍም። ቤታችን ካለበት ከቧንቧ ውሃ ሰፈር ወደ ሱቁ ሲሄድ አቋራጩን ትቶ ዞሮ ነው የሚሄደው፤ ዝናብ ቢሆንም። መንግሥት ተለወጠ፣ የበሩ ቀለም ተለወጠ፣ የእሱ መንገድ አልተለወጠም። በሩን ልንከፍት ነው ብዬ ስነግረው ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል «ይቅናሽ» አለኝና መርገጡን ቀጠለ። አልገፋሁትም። በልቤ ግን እሱ ካልገባ ሌላው ሁሉ ቢገባ ምን ዋጋ አለው እል ነበር።

የጣቢያው አዛዥ ከበረሃ የገባ የቀድሞ ታጋይ፣ ለስላሳ ሰው ነው። የግብዣውን ደብዳቤ እኔ ጻፍኩት፤ «በአክብሮት» የሚለውን ቃል ሁለት ቦታ አስገብቼ። እድሮችና የሃይማኖት ተቋማት የሽማግሌዎችን ስም ዝርዝር ላኩልን። ዝርዝሩ ላይ ስፈርም የመጨረሻውን ገጽ አላነበብኩትም፤ ደስታው አጣድፎኝ ነበር። አዛዡ «ማተሙንም ማደሉንም ለእኛ ተይው» ሲለኝ ደግሞ ይባስ ፈነጠዝኩ። ጸሐፊዋ በየወረቀቱ ላይ ቁጥርና ቀን ጽፋ፣ ክቡን ማኅተም ግጥም አድርጋ መታችበት። ፖሊሶቹ የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው በየቤቱ አደሉት።

እዚህ አገር ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን ይሠራል? ፈረንጇ ብትሠራው ይቅር ይባልላታል። የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው፣ የፖሊስ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ደጃፍ ድረስ አምጥቶ ሲሰጥ፣ «በአክብሮት» የሚለውን ፈልጎ የሚያነብ ማነው? ቀኑንና ሰዓቱን አይቶ ስንቅ ማሰናዳት ነው እንጂ።

በቀኑ ከሦስት ሰዓት በፊት ደረስኩ። ከበሩ ውጭ ሰው ግጥም ብሏል! የአዛዡን ክንድ ይዤ «መጡ! መጡልን!» አልኩት። እልል ማለት ነበር የቀረኝ። ጠጋ ብዬ ሳይ አንድ ቄስ ጋቢያቸውን ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ይዘዋል። አንዲት ሴትዮ በዘንቢል በሶና ዳቦ ተሸክመው ባላቸውን ይመክራሉ፤ «የጠየቁህን ብቻ መልስ፤ ሌላ ወሬ እንዳትከፍት።» ከየሽማግሌው ጎን አንድ አንድ ዘመድ የቤት ካርታ በፕላስቲክ አድርጎ ይዞ ቆሟል። ለዋስትና ነው።

ነጭ ኮፍያ ያደረጉ አንድ ሐጂ ወደ እኔ ቀረቡ። «ልጄ፣ ከውስጥ የምትሠሪ ትመስያለሽ። ወላሂ እኔ የማንንም ሐቅ አልነካሁም። ብቻ እንዳታሳድሩኝ ብዬ ዋሴን ይዤ መጥቻለሁ። ስኳርም አለብኝ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ሐጂ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አፉ ይበሉኝ። ማንም አልተከሰሰም። እንግዳ አድርገን ነው የጠራናችሁ» አልኳቸው።

ወረቀቱን ከኪሳቸው አውጥተው አገላብጠው አዩት። «እንግዳ በማኅተም ይጠራል?» አሉኝ።

አዛዡ ቆቡን አውልቆ ወጣና ሕዝቡ ፊት እጅ ነሣ። «አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ አጥፍተናል። የሚፈለግ ሰው የለም። መሄድ የሚፈልግ አሁኑኑ ይሂድ፤ መግባት ለሚፈልግ በሩ ክፍት ነው» አለ። ሁለት ሰዎች ቀስ ብለው፣ ከኋላ የሚጠራቸው ያለ ይመስል እየዞሩ እያዩ ሄዱ። ሐጂው ግን ከዘራቸውን ወደ ግቢው ቀሰሩ። «አብሽሪ ልጄ። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሥታችሁኛልና፣ እኔም የምላችሁ አለኝ።» ገቡ። ቄሱ ተከተሏቸው፤ ከዚያ ሁሉም።

እንዴት ያለ ጠዋት ነበር! ለወራት አጥንቼ ያዘጋጀሁት የውይይት መመሪያ ከቦርሳዬ አልወጣም። ቄሱ «ወረቀታችሁን ስናይ ለምን እንደምንደነግጥ ታውቃላችሁ?» ብለው ጀመሩና፣ ጥያቄው እንደ ክረምት ጎርፍ ወረደ። ባለ ዘንቢሏ ሴትዮ ተነሥተው የወንድማቸውን ልጅ ጉዳይ አፈረጡት፤ አምስት ቀን ያለ ፍርድ ቤት ታስሮ እንደነበር ለአዛዡ ፊት ለፊት ነገሩት። አዛዡ መዝገቡን አስመጥቶ እዚያው ፈተሸ። «እውነትዎን ነው፣ እናቴ» አለ። አንድ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ አንድ አዛዥ ለአንዲት እናት «እውነትዎን ነው» ሲል ሰማሁ፤ ሁለት ዓመት የለፋሁት ይህችን ለመስማት ነው። ከዚያ ስንቁ ተፈታ። ሣሩ ላይ ተቀምጠው በሶውን ተካፈሉ፤ ፖሊሶቹም ቀመሱ።

ዋና ኃላፊዋ ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ የደረሰችው ይኼኔ ነው። ፖሊስና ሽማግሌ አብረው ሲበሉ አይታ «እንዴት አድርገሽ ነው ያዘጋጀሽው?» አለችኝ። መዋሸት እችል ነበር፤ ለትንሽ ጊዜ አሰብኩትም። ከዚያ ሁሉንም ዘረገፍኩላት፤ ማኅተሙን፣ ዋሶቹን፣ ስንቁን። ፈገግ እንኳ ሳትል አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«ሂዱ ሲባሉ ስንቱ ሄደ?»

«ሁለት።»

ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። «ይቀጥላል» አለችኝ። መዝለል አማረኝ።

ዞር ስል በሩ ላይ አባቴን አየሁት። የእሁድ ኮቱን ለብሶ፣ በላዩ ጋቢ ደርቦ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን በጨርቅ ጠቅልሎ ይዟል። ዋስ አላመጣም። ለዘበኛው ያንን ወረቀት እያሳየ «ዘግይቻለሁ፣ ይቅርታ» ይላል።

ስሙ ያላነበብኩት የዝርዝሩ ገጽ ላይ ነበረ። ቤተ ክርስቲያኑ ስሙን ከሽማግሌዎች ጋር ልኮት ኖሯል።

ሮጬ ደረስኩ። «አባዬ! ለምን አልነገርከኝም? ይኼ እኮ ያ ያልኩህ ስብሰባ ነው!»

«ያን ጊዜም ለስብሰባ ነው ብለው ነው የጠሩን» አለ በዝግታ። «አንቺንም አታለውሽ ይሆናል አልኩ። ብነግርሽ ለእኔ ብለሽ ከሰዎቹ ትጣያለሽ፣ ሥራሽ ይበላሻል። ለእናትሽም አልነገርኳት። የሰው ልብስ በእጄ እንዳይቀር ስጨርስ ነው የዘገየሁት።»

ወረቀቱ ከደረሰው ሦስት ቀን ሆኖታል። ሦስት ቀን ሙሉ እራት ላይ ስለዚህ ቀን እየፈነደቅሁ ሳወራው፣ እሱ ጎሽ እያለ ይሰማኝ ነበር። በጣም አፈርኩ። ይግባልኝ ብዬ የተመኘሁት ሰው ገባ፤ የገባው ግን ሊታሰር ነው። እንባዬ መጣ።

አዛዡ መጥቶ በሁለት እጁ ጨበጠው። «አባት፣ ስሕተቱ የእኛ ነው። ወደ ቤትዎ መሄድ ይችላሉ።»

«መሄድ እችላለሁ?»

«አሁኑኑ።»

አባቴ ጋቢውንና መጽሐፉን አስታቀፈኝና ዞሮ ወጣ። መንገዱን ተሻግሮ ማዶ አስፋልቱ ዳር ቆመ። ማንም አልተከተለውም። ዘበኛውን አየው፤ ዘበኛው ሌላ ሰው ያናግራል። አንድ ባጃጅ በፊቱ አለፈ። ከዚያ የኮቱን ኮሌታ አስተካከለ፣ መንገዱን መልሶ ተሻገረ፣ ባዶ እጁን በበሩ ገባ።

«አሁን ራሴ መጣሁ» አለኝ። «የት ልቀመጥ?»