ከቆዳ ነጋዴው ጋር አገር ማየት

ባለፈው እሑድ ትንሿ ልጄ ከትምህርት ቤት ጉብኝት ስትመለስ፣ ከአዳማ ማዶ ካለው ፍል ውሃ በጠርሙስ ቀድታ አመጣችልኝ። ቡሹን ነቀል ሳደርገው ቤቱን የገማ እንቁላል ሽታ ሞላው። ሚስቴ አፍንጫዋን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች፤ ድመቷ እስካሁን አልተመለሰችም። እኔ ግን ጠርሙሱን እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ። ወዳጄ፣ ይህ ሽታ ሚስት አሳጥቶኛል። አሁን ያለችውን አይደለም፤ ከእሷ በፊት ልትሆን የነበረችውን።

ነገሩ የሆነው ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። እኔ የቢሾፍቱ ልጅ ነኝ። ሐይቅ ዳር ንጹሕ አየር እየማግሁ ያደግሁ፣ አፍንጫዬ እንደ ሙሽራ የምትቀበጥብኝ ጎረምሳ ነበርኩ። አዳማ ያን ጊዜ ከባቡር ጣቢያው፣ ከጥቂት የቆርቆሮ ቤቶችና ከአቧራዋ በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር አልነበራትም። አቧራዋ ግን ለሦስት ከተማ ይበቃ ነበር። እዚያ አንድ የታወቁ ቆዳ ነጋዴ ነበሩ። ልጃቸውን በገበያ ቀን አንድ ጊዜ አየኋትና እህል አልወርድ አለኝ። ከስቼ ከስቼ ጥላዬ ብቻውን የሚሄድ ሲመስል፣ አጎቴ አዘነልኝና ሽማግሌ ይዞ ሄደ።

በዚያ ዘመን እጮኛ የልጅቱን አባት በሩቁ ካየ መንገድ ለውጦ ነው የሚሄደው። እኚህ ሰውዬ ግን ሽማግሌዎቹን፣ ልጁን ላኩልኝ፣ አገር ላሳየውና ከዚያ እንነጋገራለን አሏቸው። ከእኔ በፊት የጠየቁትንም ሁሉ እንዲሁ ይዘው ዞረው፣ ሁሉንም በትሕትና ወደየመጡበት ሸኝተዋቸው ነበር። ምክንያቱን የሚያውቅ አልነበረም። አጎቴ ብቻ አውቃለሁ አለ። እንግዳ ሆነው ሳለ ፊታቸውን አጨማደው ይሆናላ አለ። አስቀምጦ መከረኝ፦ ያሳዩህን ሁሉ አመስግን፣ ይሸታል፣ ይመራል፣ ይቆረቁራል የሚባል ቃል ከአፍህ እንዳይወጣ። እኔ ደግሞ ማመስገን ከተፈቀደልኝ ልክ አላውቅም።

ከባቡር ስወርድ ራሳቸው ጣቢያው ድረስ መጥተው ተቀበሉኝ። ረጅም፣ ጋቢ የደረቡ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። “አካም ቡልቴ፣ ኢልማ ኮ” አሉኝ። እንዴት አደርክ ልጄ ማለታቸው ነው። ልጄ ስላሉኝ ብቻ ሠርጉ ያለቀ መሰለኝ፤ በልቤ ድንኳን ሁሉ ተክዬ ነበር።

በቀጥታ ወደ መጋዘናቸው ወሰዱኝ። ዛሬ አዲስ አበባ ሙዚየም በገባሁ ቁጥር ያ መጋዘን ነው የሚታወሰኝ። ወደ ጅቡቲ ከሚጫነው የበሬና የፍየል ቆዳ በስተኋላ፣ የማይሸጧቸውን ሰቅለዋቸዋል። አንበሳ አለ፣ አዞ አለ፣ ግድግዳውን ዞሮ ወደ ራሱ የሚመለስ ዘንዶ አለ። በጣሪያው ቀዳዳ በሚገባው ብርሃን እያንዳንዱን እየዳሰሱ ከየት እንደመጣ ይነግሩኛል። ሽታውን እንዴት ልግለጽልህ? ጨው፣ ደም፣ የከረመ ሞራና የረጠበ ውሻ ተጋብተው የወለዱት ነገር ነው። ዝንቦቹ እንኳ በር ላይ ቆመው ተመካክረው ነው የሚገቡት። ከአዞው ቆዳ አንድ ነጭ ትል ወድቆ በእግሬ ጣት ላይ ቀስ እያለ ሲያልፍ አየሁት፤ የቸኮለም አይመስልም።

“ምን ምን ይላል?” አሉኝ፣ ፊቴን እያዩ።

“አሪቲ አሪቲ ይላል” አልኩ።

አንዴ አዩኝና ወደ በሩ መሩኝ። አጎቴ በሰማ፣ ምን ያህል በኮራብኝ ብዬ አሰብኩ።

ስንወጣ ልጅቱ ደጃፉ ላይ ቆማ የስንቅ አገልግል ሰጠችን። ዓይኗን ወደ መሬት አድርጋ፣ በቅቤ የራሰ የገብስ ጭኮ እንደሆነና ቶሎ እንዳንጨርሰው ነገረችን። ያን ጊዜ ያ መጋዘን ውስጥ ዓመት ተኛ ብትለኝ እተኛ ነበር።

ከሰዓት በኋላ በበቅሎ ወደ ፍል ውሃው ሄድን። ከሩቅ ሲያዩት እንፋሎቱ በግራሮቹ መካከል እየተጥመለመለ ያምራል። ቀርበህ ስታየው ግን አገሩ በሙሉ ቁስሉን ሊያጥብ የመጣ ይመስላል። አንዱ የእግሩን ቁስል የጠቀለለበትን ጨርቅ ፈቶ ውሃው ላይ ጥሎታል፤ ጨርቁ እየዞረ ከሰው ሰው ይጎበኛል። አንዲት አሮጊት ጀርባቸውን በድንጋይ እየፈገፈጉ ናቸው፣ የሚረግፈው ወደ እኔ ይመጣል። ውሃው አረንጓዴ፣ ዳርና ዳሩ እንደ ንፍጥ የሚያሟልጭ። የገማ እንቁላሉ ሽታ ደግሞ በአፍንጫ መግባቱ ሳያንስ ዓይንና ጆሮም ይሞክራል። ሰውዬው አንገታቸው ድረስ ገብተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። በወጣትነታቸው፣ ከሚስታቸው ጋር ገና ሲጋቡ የሰነበቱበት ቦታ መሆኑን፣ ሚስታቸውም ካረፉ ብዙ ጊዜ እንደሆነ ቀስ ብለው አጫወቱኝ። ከዚያ እንደገና፣ ምን ምን ይላል?

ጽጌረዳ ነው የሚመስለው፣ እንዲያውም ጽጌረዳ ይህን ቢያሸት ያፍራል አልኩ።

ዓይናቸውን ገለጡ። “ድሮ እንዲህ አልነበረም” አሉ። “ተለውጧል ማለት ነው።” ከዚያ በኋላ እስክንመለስ ዞር እያሉ እንፋሎቱን ያዩ ነበር። እኔ ምስጋናዬ ልባቸውን ነክቶት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

በማግስቱ በባቡር ወደ አዋሽ ወረድን። ሦስተኛ ማዕረግ ነበርን፤ አጠገቤ የተቀመጠው ፍየል ትኬት እንዳለው አልጠየቅሁም፣ ጉልበቴን ግን ሽንት ቤት አደረገው። በመስኮቱ የፈንታሌ ተራራ አለፈ። ከሥሩ እስከ ሐዲዱ ድረስ የተደፋውን ጥቁር ድንጋይ እያሳዩኝ ሰውዬው እንደ ልጅ ይቁነጠነጡ ነበር። አዋሽ ያደርንበት ቤት ትኋን ደግሞ ስለ ትልቅነቱ ብነግርህ አታምነኝም፤ አንዱ ትራሴን ሲያስተካክል ነቅቻለሁ። ጠዋት የብረቱን ድልድይ አይተን፣ ሰውዬው ሐዲዱን በመዳፋቸው ዳብሰው፣ በኪራይ በቅሎ ወደ ፏፏቴው ሄድን።

ፏፏቴውስ ፏፏቴ ነው፤ አልዋሽም። ቡናማው ውሃ ሲወርድ ደረቴ ውስጥ ከበሮ የሚመታ ይመስል ነበር። ግን ለምሳ ጥላ ፍለጋ ዝቅ ብለን ሸምበቆው ዳር ስንቀመጥ፣ ወዳጄ፣ እስከዚያ ቀን ሽታ የሚባል ነገር አለማወቄን አወቅሁ። መጋዘኑም ፍል ውሃውም ለዚህ መለማመጃ ነበሩ። የሆነ ትልቅ ነገር እዚያው አጠገባችን ሞቶ ሲፈላ ይሰማል፤ በእውነት ይሰማል፣ ፍልቅ ፍልቅ ይላል። ሰውዬው አገልግሉን ረጋ ብለው ከፈቱ። ጭኮውን ቆርሰው ሰጡኝ። ዝንቡ ከሸምበቆው ተነስቶ ጭኮው ላይ፣ ከጭኮው ተነስቶ ከንፈሬ ላይ ያርፋል።

“እዚህ ጥሩ ነው?” አሉኝ።

“ኧረ ከዚህ የተሻለ ቦታ የት ይገኛል” አልኩና ጎረስኩ።

ግማሽ ያህል እንደበላን በቅሎ ያከራየን ሰውዬ በቅሎዎቹን አጠጥቶ መጣ። ሻሹን አፍንጫው ላይ ጠምጥሞታል። ሩቅ ቆሞ፣ ጌታዬ እዚህ ተቀምጠው ይበላሉ እንዴ አላቸው። ፈረንጅ አዳኝ ጉማሬ ገድሎ፣ ጥርሱን ነቅሎ ጥሎት ሄዷል፣ ከሰነበተ ቆይቷል፣ ጅቡ እንኳ ትቶታል አለ። ሸምበቆውን በበትሩ ገለጥ ሲያደርገው ከእኛ አሥር እርምጃ የማይርቅ፣ ሆዱ እንደ ጎጆ የተነፋ ጥንብ ታየ።

ሰውዬው በእጃቸው የያዙትን ጭኮ ወደ አገልግሉ መለሱት። አልተቆጡም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ “ኢልማ ኮ፣ አንተ ይሸትህ ነበር?” አሉኝ።

ጭንቅላቴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

“እኔ አፍንጫዬ ከሞተ ቆይቷል” አሉ። “ብል እንዳይበላው ቆዳው ላይ የምንነሰንሰው ዱቄት ነው የገደለው። የተበላሸውን ቆዳ የምትለይልኝ፣ ወጡ አረረ፣ ልብሱ ሸተተ የምትለኝ ልጄ ናት። እሷን የሚወስድ ሰው ሲገማ ገማ ይለኝ እንደሆነ ብዬ ነው አገር የማዞረው። ሁላችሁም እጣንና ጽጌረዳ ነው የምትሉኝ።”

እኔ፣ ጽጌረዳን እንኳ የሚያሳፍር ሽታ ያገኘሁት ሰው፣ አገልግሉን መክደን ጀመርኩ።

በቅሎ ላይ ከወጣን በኋላ ነው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የጠየቁኝ። “የፍል ውሃው ሽታ ጠፋ ብዬ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አለ ወይስ ጠፍቷል?”

“አለ።”

“የገማ እንቁላል?”

“የገማ እንቁላል ነው፣ አባቴ። ዓይን ያስለቅሳል።”

ፈገግ አሉ። ሦስት ቀን ሙሉ ካየሁባቸው ፈገግታ ሁሉ እውነተኛው ያ ነበር። ተስፋዬ ተመልሶ ነፍስ ዘራ፤ ባቡር ውስጥም የፍየሉን፣ የትኋኑን፣ የመጋዘኑን፣ የትሉንም ሽታና ክፋት ሳልጠየቅ አንድ በአንድ ተናዘዝኩላቸው። በትሕትና ሰሙኝ።

አዳማ ስንደርስ ፀሐይ እያዘቀዘቀች፣ አቧራው ወርቅማ ሆኖ ተንሳፎ ነበር። ልጅቱ ጣቢያው ላይ ትጠብቃለች። አባቷን ለመሳም ጠጋ ስትል ፊቷ ተለወጠ። ጋቢያቸውን በሁለት ጣቷ አንስታ ወደ አፍንጫዋ ወሰደችና፣ “አባዬ፣ ምን የሞተ ነገር አጠገብ ተቀምጠው ነው?” አለቻቸው። ያን ጊዜ ቀና ብላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየችኝ።

“አንቱ አብረው አልነበሩም?”

እንዲህ ብላ የጠየቀችኝ ለወቀሳ አልነበረም፤ በእውነት ልታውቅ ፈልጋ ነው። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። ነበርኩ ብል፣ ታዲያ ምን ሆኜ ነው ያልነገርኳቸው? አልነበርኩም ብል እሳቸው ቆመዋል።

መልስ እስካገኝ አልጠበቀችም። ጋቢውን ከትከሻቸው ገፋ አድርጋ፣ የራሷን ነጠላ አለበሰቻቸው። ቀኝ እጃቸውን አነሳች፣ አሸተተች፤ ግራውንም አነሳች። ከዚያ ክንዳቸውን ይዛ በሐዲዱ ዳር ወሰደቻቸው። እሳቸው ረጅም ስለሆኑ ጎንበስ ብለው ነው የሚሰሟት። እሷ የሆነ ነገር ትነግራቸዋለች፣ እሳቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ እሺ ይላሉ። ነፋሱ ወደ እነሱ ነበርና፣ ምን እንደነገረቻቸው አልሰማሁም።