ምላስ የሌላት ነባር

ጋምቤላ ክልል በተባለ ሰሞን ሰው ሁሉ አፉ ላይ «ነባር» የሚል ቃል ነበረ። ከደጋ በሰፈራ የመጣነው ደግሞ ባሰብን። አንዱ ጎረቤቴ በመጀመሪያው መኪና ስለመጣ ብቻ ራሱን ነባር አደረገና በኋላ የመጣነው ከሰፈሩ ጉድጓድ ውሃ ከኋላ እንድንቀዳ ፈረደ። ሚስቱ አርፍዳ ብትመጣም ከፊት ትገባለች። የአገሩ ተወላጅ የሆነችው አኙዋክ ጎረቤታችን እንኳ ተሰልፋ ተራዋን ትጠብቃለች።

ልጄ አራስ ነበረች። ለእሷና ለሕፃኑ ንጹሕ ውሃ እፈልጋለሁ፤ የእኔ ተራ ሲደርስ ግን ከጉድጓዱ የሚወጣው ጭቃ ነው። አንድ ጠዋት ባልዲዬን ስስብ ከጭቃው ጋር ጠፍጣፋ እንቁራሪት ወጣች። ዓይኖቿ አናቷ ላይ ናቸው፤ የኋላ እግሯ ጥቁር ጥፍር አለው።

ሰልፉ ላይ የነበረ የሳይንስ አስተማሪ ጎንበስ ብሎ አያት። ይህቺ ምላስ የላትም አለን፤ ምግቧን በእጇ ወደ አፏ እየገፋች ነው የምትበላው፤ ኑሮዋም ውሃ ውስጥ ነው።

ጎረቤቴ ይቺን ሲሰማ ወደ እኔ ዞረ። «እማማ፣ የእሷንም ምላስ እግዜር ለእርስዎ ደርቦ ሰጥቶ ነዋ» አለኝ።

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ቃሉን ግን ያዝሁበት።

አስተማሪው ቀጠለ። የዘመዶቿ አጥንት ድንጋይ ሆኖ ከመሬት ይወጣል፣ ሰው ከመኖሩ በፊት የኖሩ ናቸው አለ። ይህንስ እኔም አላጣሁትም፤ የውሃ ፍጥረት ሐሙስ፣ አዳም ዓርብ መፈጠሩን በቤተ ክርስቲያን ሰምቻለሁ። ባልዲውን አንስቼ ጎረቤቴ እግር ሥር አስቀመጥሁት።

«የሚቀድመው ነባር ከሆነ ይህቺ የሐሙስ ናት፤ እኔና አንተ የዓርብ። አስፈቅደሃት ነው የምትቀዳው?»

«እሷ ትናገራ» አለ።

«ምላሷ እኔ ጋ ነው፤ አንተው ነህ ያልኸው። በመጣችሁበት ተራ ቅዱ ትላለች።»

አኙዋኳ ጎረቤታችን ጀሪካኗ ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «እኔ እዚሁ ተወልጄ ተሰልፌ የለ?» አለችው።

ጎረቤቴም ባልዲዬን ከእግሩ ሥር አንስቶ መለሰልኝ።

እንቁራሪቷን ወደ ቤቷ መለስናት። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ሄድሁ፤ የጎረቤቴ ሚስት መጥታ ጀሪካኗን ከእኔ ኋላ አስቀመጠች። የቀዳሁት ውሃ የባልዲውን ታች ያሳይ ነበር። ልጄ ከእሱ ጠጣች፣ ሕፃኑም ታጠበ። ጎረቤቴ እስከ ዛሬ ሲያገኘኝ ስለ እኔ ጤና ሳይጠይቅ፣ ነባሯ ደህና አደረች ወይ ይለኛል።